የትሪያል ሳይክል ማርሽ አመራረጥ፦ ጥርስ ከመግዛት በፊት ሜትሩን ማስላት

መስከረም ላይ ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሳይክሉን እየገፋ ቤቴ መጣ። ክረምቱን ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ጅማ አዌቱ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ሲለማመድ ነው የከረመው። «ጋሼ፣ እግሬ ደካማ ነው መሰለኝ። ቆሜ ስረግጥ ጎማው ንቅንቅ አይልም» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ጥርሶቹን ቆጠርኩ። ካቴናው ያለው ከፊት 42፣ ከኋላ 14 ላይ ነው። እግሩ ምንም አልሆነም። በዚያ ማርሽ ከቆመበት ተነስቶ ድንጋይ ላይ የሚዘል ሰው የለም።

ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ያጠራቀማትን ብር አውጥቶ ባለ 16 የኋላ ጥርስ ገዝቷል። ከ14 ወደ 16 ሲሄድ ይቀላል ብሎ ነው። ይቀላል፣ እውነቱን ነው። ግን ከሚያስፈልገው አሁንም ከእጥፍ በላይ የከበደ ነው። አምስት ደቂቃ ወረቀት ላይ ቢያሰላ ኖሮ ብሩ ኪሱ ውስጥ ይቀር ነበር።

ጅማ ውስጥ የትሪያል ሳይክል ተዘጋጅቶ አይሸጥም። ያለን አማራጭ አሮጌ ማውንቴን ሳይክል ወይም የልጆች ቢኤምኤክስ ወስዶ ማስተካከል ነው። ለዚያ ደግሞ ሒሳቡን ማወቅ ግድ ነው። የጥርስ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ አንድ ሙሉ የፔዳል ዙር ሳይክሉን ስንት ሜትር እንደሚወስደው ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ሜትሩ» ስል ይህንን ማለቴ ነው።

ትሪያል ከማርሹ የሚፈልገው

ትሪያል ማለት እግር መሬት ሳያስነኩ በሳይክል ድንጋይ፣ ግንድ፣ ደረጃና ግንብ ላይ መውጣትና መውረድ ነው። ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስፔን ውስጥ ከሞተር ሳይክል ትሪያል ነው የወጣው። በወንዶች የዓለም ሻምፒዮና ባለ 20 ኢንችና ባለ 26 ኢንች ጎማ ሳይክሎች ለየብቻ ይወዳደራሉ። የውድድር ሳይክሎቹ ኮርቻ የላቸውም። ማርሻቸውም አንድ ብቻ ነው።

ለምን አንድ ብቻ? አንድ ዝላይ በዝግታ እንየው። ነጂው ፍሬን ይዞ በኋላ ጎማው ብቻ ቆሟል። የሚመራው እግሩ ከፊት ነው፣ ፔዳሉ ከመሬት ትይዩ። ፍሬኑን ይለቃል፣ በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉን ይረግጣል። ፔዳሉ ሩብ ዙር ገደማ ይወርዳል። ጎማው ወደ ፊት ይወረወራል፣ ሰውነቱ ይከተላል፣ ፍሬኑ እንደገና ይያዛል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ማርሽ ለመቀየር ጊዜም ምክንያትም የለም።

ስለዚህ ማርሹ የሚመረጠው ለዚያች ሩብ ዙር ነው። ከከበደ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ከቀለለ እግር ወርዶ ያልቃል፣ ሳይክሉ ግን የትም አልደረሰም።

1. የጎማውን ዙሪያ ለኩ

ጎማው ላይ የተጻፈው 26 ወይም 20 ኢንች ለሒሳቡ አይበቃም። የጎማው ውፍረትና የአየሩ መጠን ይለውጠዋል። ትሪያል ደግሞ የሚነዳው የኋላው ጎማ አየር ቀነስ ተደርጎ ነው፣ ድንጋዩን እንዲይዝ። ስለዚህ በምትነዱበት አየር ለኩ።

የልብስ ሰፊ ሜትርና ጠመኔ ይዛችሁ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ላይ ውጡ። አየር መሙያዋን ወደ ታች አድርጉና ጎማው መሬቱን የነካበት ላይ በጠመኔ ምልክት ጣሉ። ከዚያ አንድ ሰው ሳይክሉ ላይ ይቁም፣ ሌላው በቀጥታ ይግፋው። አየር መሙያዋ ዞራ እንደገና ታች ስትደርስ ሁለተኛውን ምልክት ጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የጎማው ዙሪያ ነው። ሰው ላዩ ላይ መቆም አለበት። ባዶውን ከገፋችሁት ጎማው ስለማይጨፈለቅ ቁጥሩ ይረዝማል።

ወፈር ያለ ባለ 26 ጎማ አብዛኛውን ጊዜ 2.05 ሜትር አካባቢ ይወጣዋል። ባለ 24 ወደ 1.90፣ ባለ 20 ወደ 1.55። እኔ ከዚህ በታች በእነዚህ ነው የማሰላው። እናንተ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ።

2. ጥርሶቹን ቁጠሩ

ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ጥርስ ያለው ክብ ብረት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ግሪስ ስለሚሸፍነው በጋዝ ነክራችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። ካልተገኘ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ቀቡና ከሱ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ሁለት ጊዜ ቁጠሩ። አንድ ጥርስ ተሳስታችሁ ገበያ ከወጣችሁ የተሳሳተ ዕቃ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ባለ ብዙ ማርሽ ሳይክል ከሆነ ከፊት ሦስቱንም፣ ከኋላ ስድስቱን ወይም ሰባቱን በሙሉ ጻፉ። የምትፈልጉት ጥምረት እዚያው ሳይክሉ ላይ ሊኖር ይችላል።

3. አስሉ

የፊቱን ጥርስ ለኋላው አካፍሉ። ያገኛችሁትን በጎማው ዙሪያ አባዙ። ይኸው ነው።

የልጁን ሳይክል እንውሰድ። 42 ለ 14 ሲካፈል 3 ነው። 3 ሲባዛ በ2.05፣ 6.15 ሜትር። አንድ የፔዳል ዙር ከ6 ሜትር በላይ ይወስደዋል ማለት ነው። ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በሜዳው መንገድ ለሚሮጥ ሰው ግሩም ማርሽ ነው። በገዛው ባለ 16 ደግሞ 42 ለ 16፣ 2.63 ገደማ፣ ሲባዛ በ2.05፣ ወደ 5.4 ሜትር።

አሁን የትሪያል ነጂዎች የሚጠቀሙበትን እንይ። በባለ 26 ጎማ ከፊት 22፣ ከኋላ 18 የተለመደ ነው። 1.22 በ2.05 ሲባዛ 2.5 ሜትር። ከፊት 18፣ ከኋላ 15ም እንዲሁ የተለመደ ነው። 1.2 በ2.05፣ 2.46 ሜትር። በባለ 20 ጎማ ደግሞ ከፊት 18፣ ከኋላ 12 ያደርጋሉ። 1.5 በ1.55፣ 2.33 ሜትር።

ልብ በሉ። 1.2 እና 1.5 ሲታዩ በጣም የተራራቁ ይመስላሉ። ሜትሩ ግን ተቀራራቢ ነው። ትንሹ ጎማ አጭር ስለሚሄድ በጥርስ ይካካሳል። ለዚህ ነው «ጓደኛዬ 18 ለ 12 ነው የሚነዳው» ብላችሁ ጎማችሁ 26 ሆኖ ሳለ እሱን መቅዳት የሌለባችሁ። 18 ለ 12 በባለ 26 ላይ 3.08 ሜትር ይሆናል። ለጀማሪ ከባድ ነው።

4. የእናንተን ሜትር ምረጡ

ለጀማሪ ከ2.3 እስከ 2.6 ሜትር ባለው ውስጥ ይሁን እላለሁ። እኔ ራሴ 2.5 ላይ ነኝ። ከተማ ውስጥ ደረጃና መከለያ ግንብ ላይ እየተንደረደረ የሚጫወት ሰው እስከ 3 ሜትር ሊወጣ ይችላል። ፍጥነቱ ያግዘዋልና። ከቆመበት የሚዘል ሰው ግን ከ2.6 በላይ ባይሄድ ይሻለዋል።

ይህ ቁጥር እግራችሁ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ። ሁለት ነገር ነው የሚነግራችሁ፦ ርቀትና ጉልበት።

ርቀቱ ቀላል ነው። ሜትሩን ለ4 አካፍሉ። 2.5 ለ4፣ 62 ሴንቲ ሜትር። በአንድ ሩብ ዙር ርግጫ ጎማችሁ 62 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ለመሻገር ጥሩ ርቀት ነው። በልጁ ማርሽ ሩብ ዙር 1 ሜትር ከ54 ነው። ቁጥሩ ሲታይ ያስጎመጃል። ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

ጉልበቱን እንዲህ አስሉት። የፔዳሉ ክንድ 17 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የብዙ ትልልቅ ሳይክሎች ያን ያህል ነው፣ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር 1.07 ሜትር ይጓዛል። ክብደታችሁን በ1.07 አባዙና ለሜትሩ አካፍሉት። ፔዳሉ ከመሬት ትይዩ ሆኖ ስትቆሙበት ጎማው መሬቱን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ይወጣላችኋል። 70 ኪሎ ሰው በ2.5 ሜትር ማርሽ 30 ኪሎ ያህል ይገፋል። ያው ሰው በ6.15 ሜትር ማርሽ 12 ኪሎ ብቻ። በ12 ኪሎ ግፊት ሰውና ሳይክል ተወርውሮ ድንጋይ ላይ አይወጣም። ልጁ «እግሬ ደካማ ነው» ያለው ይህችን ነው።

የፔዳሉ ክንድ አጭር ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። የልጆች ሳይክል ላይ ብዙ ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አጭር ክንድ አጭር ዱላ ማለት ነው፣ ትንሽ ነው የሚፈነቅለው። ስለዚህ ሜትሩንም በዚያው ልክ ቀንሱ። 2.5ን በ15 አባዝታችሁ ለ17 ስታካፍሉ 2.2 ይመጣል። ክንዱን ከፔዳሉ ቀዳዳ መሃል እስከ መሃለኛው ቡሎን መሃል ለኩት።

ስለ ክብደት ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። «እኔ 50 ኪሎ ነኝ፣ ማርሹ ይቅለልልኝ?» ይላሉ። ቀላል ሰው የሚያነሳውም ክብደት ቀላል ነው። ልዩነት የሚያመጣው ሳይክሉ ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን አሮጌ ብረት ለ50 ኪሎ ልጅ ከባድ ሸክም ነው። እሱ 2.3 ላይ ቢጀምር ጥሩ ነው።

5. ካለው ዕቃ ጥምረቱን አውጡ

እዚህ ላይ ነው ሰው ብሩን የሚያባክነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ ያላችሁን እዩ። ርካሽ ማውንቴን ሳይክሎች ላይ ትንሹ የፊት ጥርስ ብዙውን ጊዜ 28 ወይም 24 ነው፣ አንዳንዴ 22። ከኋላ ደግሞ 14፣ 16፣ 18፣ 20፣ 22፣ 24፣ 28 የተለመደ ሰልፍ ነው። በባለ 26 ጎማ ይህን አስሉ፦

28 ለ 24፣ 2.39 ሜትር።
24 ለ 20፣ 2.46 ሜትር።
22 ለ 18፣ 2.5 ሜትር።
28 ለ 22፣ 2.61 ሜትር።

አራቱም ይሠራሉ! ለልጁ ያደረግንለት ይህንኑ ነው። ትንሹ የፊት ጥርሱ 28 ነበር። ካቴናውን ከኋላ 24 ላይ አደረግንለት። አንድ ብር አላወጣም። የገዛው ባለ 16 እስካሁን መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

ያለው ማርሽ ቀያሪ እንደ ካቴና መወጠሪያ ያገለግላል። የመረጣችሁት ጥርስ ትክክል ላይ እንዳይንቀሳቀስ ቆልፉት። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል። ድካሙ ሌላ ቦታ ነው። ወደ ታች ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ድንጋይ ይመታዋል። በከባድ ዝላይም ካቴናው ሊዘል ይችላል። እያደጋችሁ ስትሄዱ ወደ አንድ ጥርስ ተሻገሩ።

የቢኤምኤክስ ባለ አንድ ጥርስ ፍሪዊል (ፔዳሉ ሲቆም ጎማው ብቻውን እንዲሽከረከር የሚያደርገው የኋላ ጥርስ) እንደ ቡሎን ተጠምዝዞ ወደ ቡሹ፣ ማለትም ወደ ጎማው መሃል፣ የሚገባ ነው። ባለ ብዙ ማርሹ ፍሪዊልም እንደዚያው የሚጠመዘዝ ዓይነት ከሆነ የመጠምዘዣ ጥርሳቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም እዚያው ቡሽ ላይ ይገባሉ። ገበያ ላይ የሚገኙት በብዛት ባለ 16 እና ባለ 18 ናቸው። ባለ 18ን ምረጡ። ከፊት 22 ካላችሁ 2.5 ሜትር ላይ ናችሁ። በባለ 16 ግን ያው 22 ወደ 2.82 ይወጣል።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ መለዋወጫ ስትፈልጉ አሮጌውን ጥርስ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «ባለ 18 አለ?» ብላችሁ በቃል አትጠይቁ። ሻጩ ያለውን ያነሳላችኋል፣ እናንተም ተቀብላችሁ ትሄዳላችሁ። እዚያው ቆማችሁ ቁጠሩ። ፈርሰው የሚሸጡ አሮጌ ሳይክሎች ላይ ጥሩ ትንንሽ የፊት ጥርሶች ይገኛሉ። ትንሹን ማርሽ የሚጠቀም ሰው ስለሌለ ብዙ ጊዜ አዲስ ናቸው። ጥርሱ ወደ አንድ ጎን እንደ መንጠቆ ከተቆለመመ ግን ተዉት።

የልጆች ቢኤምኤክስ ይዛችሁ የምትጀምሩ ከሆነ 44 ለ 16 ማግኘታችሁ አይቀርም። 4.26 ሜትር ነው። የፊቱን የግድ መቀየር አለባችሁ። ለ16 ከፊት 24 ቢገኝ 1.5 ነው፣ 2.33 ሜትር። የፊቱ ጥርስ መሃሉ አይገጥምም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ቶርኖ ቤት መሃሉን አስፍተው ያስተካክሉታል። ግን ሲበሳ ከመሃል እንዳይዛነፍ አደራ በሉ። የተዛነፈ ጥርስ ካቴናውን በየዙሩ አንዴ ይወጥራል፣ አንዴ ያላላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሦስቱ የፊት ጥርሶች በቡሎን የተያዙ ከሆነ ትልቁን ፍቱት። መካከለኛውን ግን አትጣሉት። ጥርሱን በመሞረጃ ሞርዳችሁ ለስላሳ ክብ አድርጉትና መልሳችሁ እሰሩት። ድንጋይ ሲመታችሁ ካቴናውንና ትንሹን ጥርስ የሚከላከል ጋሻ ይሆናል። በሪቬት የተያዙ ከሆኑ ሪቬቱን በትራፓኖ አስወጥቶ በቡሎን ማሰር ይቻላል።

6. ትንሽ ጥርስ ካቴናን እንዴት እንደሚጎትት

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር። 28 ለ 24 እና 18 ለ 15 በሜትር ተቀራራቢ ናቸው። ታዲያ ለምን ሁሉም ትንሹን አይወስድም? ትንሹ ከድንጋዩ ይርቃል። ባለ 18 ጥርስ ስፋቱ 7.3 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ባለ 28 ደግሞ 11.3። የልዩነቱን ግማሽ ስንወስድ ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ቦታ ታተርፋላችሁ። ድንጋይ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው።

ዋጋው የሚከፈለው ካቴናው ላይ ነው። 70 ኪሎ ሰው በ17 ሴንቲ ሜትር ክንድ ፔዳሉ ላይ ዝም ብሎ ሲቆም ካቴናው ባለ 28 ላይ 210 ኪሎ ያህል ይወጠራል። ባለ 22 ላይ 267። ባለ 18 ላይ 325። ይህ ዝም ብሎ ሲቆም ነው። ሲረግጥ ከዚህ ይበልጣል።

ይህን ያወቅሁት በጉልበቴ ነው። ከአሮጌ ሳይክል የወጣ ካቴና፣ ዘይት ቀብቼው ሲያብረቀርቅ ደህና መሰለኝ። ወደ ግንብ ለመዝለል ሙሉ ኃይሌን አድርጌ ስረግጥ ተበጠሰ። ፔዳሉ ባዶ ወረደ፣ ጉልበቴ መሪው ላይ አረፈ፣ ከዚያ ግንቡ። ስድስት ስፌት። ሦስት ሳምንት መራመድ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ነገር እቆጥባለሁ፣ በካቴና አልቆጥብም። እናንተም አትቆጥቡ፣ እባካችሁ።

ካቴና ለመፈተሽ የሜትራችሁን ኢንች ጎን ተጠቀሙ። ወጥራችሁ ከአንዷ ሚስማር መሃል ጀምራችሁ 12 ኢንች ለኩ። አዲስ ከሆነ ልክ 12 ኢንች ላይ ሌላ ሚስማር ይገኛል። ሚስማሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ከሄደ ቀይሩት። 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጥርሶቹም አብረው አልቀዋል።

ውፍረቱንም እዩ። የባለ ብዙ ማርሽ ካቴና ቀጭን ነው፣ የቢኤምኤክስ ወፍራም ነው። ወፍራሙ ካቴና በቀጭን ጥርስ ላይ ይሄዳል። ቀጭኑ ግን በወፍራም ጥርስ ላይ አይገባም። ካቴናው በክሊፕ የሚዘጋ ከሆነ የክሊፑ ድፍን ጎን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፣ ክፍቱ ወደ ኋላ።

7. አስገቡና ወጥሩ

ሥራውን የምሠራው በረንዳ ላይ ነው። የቡና ጆንያ አንጥፌ ዕቃውን ላዩ ላይ በተራ እደረድራለሁ፣ እኔ በርጩማዬ ላይ። ቡሎን ሳር ውስጥ ከገባ አይገኝም።

ካቴናው ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ማለት አለበት። ቀጥ ያለ ብረት ወይም ረጅም ማስመሪያ የፊቱ ጥርስ ጎን ላይ አስጠግታችሁ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ከጣመመ ካቴናው በጉልበት ሲረገጥ ይዘላል። ብዙ ጊዜ የፊቱ ትንሽ ጥርስና ባለ አንድ ጥርሱ ፍሪዊል ሁለቱም ወደ ውስጥ ስለሚቀመጡ ይገናኛሉ። ጥቂት ከጎደለ በቡሎኖቹ ላይ ሮንዴላ ጨምሩ።

ዘንጉ የሚገባበት የፍሬሙ ስንጥቅ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ጎማውን ስባችሁ ትወጥራላችሁ። ለዕቅድ የሚጠቅም ቁጥር ልስጣችሁ። አንድ ጥርስ ስትጨምሩ፣ ከፊትም ሆነ ከኋላ፣ ዘንጉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይመጣል። ከካቴናው አንድ ሙሉ ጥንድ (አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ቁራጭ) ስትቀንሱ 12.7 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ አንድ ሁለት ጥርስ ለመሞከር ካቴና መቁረጥ አያስፈልግም፣ ስንጥቁ ቦታ ካለው።

ስንጥቁ ወደ ታች ብቻ የሚከፈት ከሆነ ግን ጎማውን መሳብ አይቻልም። መወጠሪያ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ያንን ማርሽ ቀያሪ አቆዩት።

ካቴናውን መሃሉ ላይ በጣት ስትጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀስ። ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ሙሉ ዙር አዙሩና በየቦታው ፈትሹ። የሚጠብቅበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ነው የምትለኩት። ከዚያ የኋላውን ዳዶ ግራ ቀኝ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ።

8. የፍሪዊሉን ክፍተት ስሙ

ጎማውን ይዛችሁ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አዙሩ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ፍሪዊሉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ስንት ጊዜ እንደሚል ቁጠሩ። 360ን ለዚያ አካፍሉ። ርካሽ ፍሪዊል 18 ጊዜ ካለ፣ ክፍተቱ እስከ 20 ዲግሪ ይደርሳል። ሩብ ዙር 90 ዲግሪ ነው። ከርግጫችሁ ከአምስት አንዱ ምንም ሳይይዝ በባዶ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ለትሪያል የተሠሩት 72 ወይም 108 ጊዜ ይላሉ። 5 ዲግሪ፣ 3.3 ዲግሪ።

ያንን ዓይነት እዚህ አናገኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ማስመጣት ይችላል። የሌለው ሰው ይህን ያድርግ፦ ከመርገጡ በፊት ፔዳሉን በእግሩ ቀስ ብሎ ጫን አድርጎ ክፍተቱን ይጨርስ፣ ሲይዝ ይረግጥ። ልማድ ይሆናል። ብዙ ሰው ማርሹ ቀለለብኝ የሚለው በዚህ ክፍተት ምክንያት ነው። ጥርስ ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

9. ሞክሩ፣ ከዚያ በአንድ ጥርስ ብቻ አስተካክሉ

የራስ ቆብና የቅልጥም መከላከያ አድርጉ። ሁለቱም ፍሬኖች በአንድ ጣት የሚይዙ መሆናቸውን እዩ። መሞከሪያው ቀላል ነው። ሁለት የኮብልስቶን ድርብ ቁመት ያለው ጠርዝ ፈልጉ። ከቆማችሁበት፣ ሳትንደረደሩ፣ የፊቱን ጎማ አውጡና በአንድ ርግጫ ኋላውን አስከትሉ። አሥር ጊዜ።

ፔዳሉ ታች ሳይደርስ ሰውነታችሁ ከቆመ ማርሹ ከብዷል። እግራችሁ ታች ደርሶ ጎማው ጠርዙን ካልነካ ቀልሏል። ጎማው እንደ ምጣድ ላይ ቡና ባለበት የሚሽከረከር ከሆነ ወይ ቀልሏል ወይ መሬቱ አንሸራታች ነው። አሥሩንም ጊዜ ጎማውና እግራችሁ አብረው ከጨረሱ አገኛችሁት። አትንኩት።

ስታስተካክሉ አንድ ጥርስ ብቻ። በ22 ለ 18 ላይ ከኋላ አንድ ብትቀንሱ ወደ 6 በመቶ ይከብዳል። ከፊት አንድ ብትጨምሩ 4.5 በመቶ። ትንሽ ይመስላል፣ እግር ግን ያውቀዋል። ከለወጣችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ንዱበት። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም አዲስ ማርሽ ያስጠላል።

የጅማ ዝናብ ነገር አለ። ቀዩ ጭቃ ጎማውን ሲለብሰውና ድንጋዩ ሲረጥብ፣ ቀላል ማርሽ ጎማውን በአንዴ ያሽከረክረዋል። ለዚህ ክረምት ላይ አንድ ጥርስ ከበድ አደርጋለሁ። ከ18 ወደ 17 ከኋላ። ግፊቱ ይለዝባል፣ ጎማው ይይዛል። በጋ ሲገባ እመልሰዋለሁ። ጭቃው ጥርስ መሃል ገብቶ ከደረቀ ደግሞ ካቴናውን ከላዩ ያነሳዋል። ከነዳችሁ በኋላ ጥቂት ውሃና ብሩሽ፣ ማድረቅ፣ ጠብታ ዘይት።

በዚህ ማርሽ አስፋልት ላይ አትጓዙ። በደቂቃ 80 ጊዜ ብታዞሩ እንኳ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው የምትሄዱት። ሄርማታ ላይ በባጃጅ መሃል በዚህ ፍጥነት፣ ያውም ቆማችሁ፣ አደጋ ነው። እስከ መለማመጃችሁ ድረስ ግፉት። ወደ ጅሬን የምትወጡ ከሆነ ደግሞ የምትገፉት ዳገቱን ነው፣ ስትወርዱ ግን በእርጋታ፣ ፍሬን ይዛችሁ።

የመጨረሻ ሥራ። ትሪያል ነጂ ሁልጊዜ በአንድ እግሩ ነው የሚረግጠው። ስለዚህ የፊቱ ጥርስ ላይ ሁልጊዜ እነዚያው አራት አምስት ጥርሶች ናቸው የሚበሉት። በየሦስት ወሩ ቡሎኖቹን ፍቱና ጥርሱን አንድ ቀዳዳ አዙራችሁ እሰሩ። ቀኑንና ጥምረቱን ፍሬሙ ላይ በጥፍር ቀለም ጻፉት። የልጁ ፍሬም ላይ «28/24፣ 2.39» ይላል። አጠገቡ ደግሞ ራሱ «22/18?» ብሎ ጽፎበታል። ባለ 22 ጥርስ እየፈለግንለት ነው።